የአባ ኖላዊ ሕግና የሐጀራ ውሃ

የኔታ ጉዲሳ የሰው ውሃ አይጠጡም። ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ትናንት የገባ ተከራይ ነው። ሠርግ ሲጠሩ ይሄዳሉ፤ ሙሽሮቹን መርቀው ወንበሩን ሳያሞቁ ይመለሳሉ። ለቅሶ ይደርሳሉ፤ ንፍሮው ሲዞር ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ያሳልፉታል። በግንቦት ሐሩርም ሆነ በሐምሌ ጭቃ ከጋቢያቸው እጥፋት አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ አትጠፋም። ውስጧ ያለው ከገዛ ቤታቸው በርሜል የተቀዳ ውሃ ነው፤ ቢያንስ እሳቸው እንደዚያ ያምኑ ነበር።

ነገሩ ኩራት አይደለም፤ ንቀትም አይደለም። ሕግ ነው። የሕጉ ፈቺ ደግሞ አባ ኖላዊ የሚባሉ፣ አጥንታቸው አፈር ከሆነ ብዙ ምዕት ዓመት ያለፈ መነኩሴ ናቸው።

የየኔታ መምህር እንደነገሯቸው፣ አባ ኖላዊ በድሮዎቹ ነገሥታት ዘመን ከገደል ሥር ከምትፈልቅ ምንጭ አጠገብ ዘግተው የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ሊቅ ነበሩ። ሕጉ በግዕዝ የተጻፈ ነው፤ አጭርና ደረቅ ነው፤ ጥርስ ላላወጣ አይሆንም። አባ ኖላዊ እሱን አላምጠው ለሰው አጎረሱት። ለአንዱ ቃል አንድ ፍቺ ይሰጣሉ፤ ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ፤ ካላለቀላቸው ደግሞ «አንድም» ይላሉ። ያ ትርጓሜያቸው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲወርድ ሲወራረድ እዚህ ደርሷል። በየአውራጃው ያሉ ሽማግሌዎች ስሙን ሳያውቁት እንኳ በእሱ ይፈርዳሉ ይባላል። ተማሪ ሁሉንም «አንድም» ይይዛል፤ ከራሱ አንዲት ቃል መጨመር ግን ነውር ነው።

ሕጉ ስለ ዳኛ «ከባለጉዳይ እጅ አይቀበል» ይላል። አባ ኖላዊ እዚህ ላይ ሲደርሱ እንዲህ አሉ፦ «እጅ መንሻ ወርቅና ብር ብቻ አይምሰልህ፤ ውሃም ቢሆን ነው። ምነው ቢሉ፥ ያጠጣህን ሰው ዐይኑን እያየህ መፍረድ ይከብዳልና። አንድም፥ ዛሬ ባለጉዳይ ያልሆነ ነገ ይሆናልና፥ ዳኛ የማንንም ውሃ አይጠጣ።»

የየኔታ ጉዲሳን ዕድሜ ይዞ የሄደው ይህ «አንድም» ነው።

የተወለዱት እዚሁ ነው። ያኔ ፎቅ የሚባል አልነበረም፤ ቦታው የአባታቸው የአቶ ሶሬሳ የጤፍ ማሳ ነበር። አባትየው ልጁን ገበሬ ሊያደርጉት ደክመው፣ በሬ ጠምዶ ዳዊት እየደገመ ትልሙን ሲያጣምም ቢያዩት ጊዜ «ይሄስ የእግዜር ነው፤ ለእኔ አይሆነኝም» ብለው መረቁና ሰደዱት። ጎጃም ተሻግረው፣ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው እየዞሩ ወጣትነታቸውን እዚያ ጨረሱ። መጀመሪያ በአነጋገራቸው የሚስቁ ተማሪዎች ነበሩ፤ የአባ ኖላዊን ትርጓሜ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃላቸው ሲወጡት ሳቁ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መምህር ሆነው ተመለሱና ያገራቸውን ልጅ ዲንቄን አገቡ። ልጅ አልሰጣቸውም። ሳሪስ አቦ ቅጥር ግቢ ውስጥ ከአንድ ዛፍ ሥር ወንበር ዘርግተው ዲያቆናት ማስተማር ጀመሩ፤ እስከ ዛሬም ጠዋት ጠዋት በታክሲ ይመላለሳሉ።

ማሳው ከተማ ሲሆን፣ ፎቆቹም ሲበቅሉ፣ ዕጣው የወጣው በዲንቄ ስም ነበር። አራተኛ ፎቅ። ጠያቂ ሲመጣ «ከእርሻችን ላይ አልተነሳንም፤ ትንሽ ከፍ ብለን ነው» ትላለች። ጨዋታ አዋቂ ናት። እንዲህ ያለች ሴት ከማን ጋር ትጫወት እንደነበር የጠየቀ ግን አልነበረም።

ኮንዶሚኒየም የጠብ ጎተራ ነው። ሙዚቃው ጮኸ፣ ቆሻሻው ፈሰሰ፣ የላይኛው ቤት ምንጣፉን በታችኛው ቤት ልብስ ላይ አራገፈ። የሕንፃው ሰው ይህን ሁሉ ይዞ ጣቢያ ከመሄድ የኔታ ዘንድ ይመጣል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። የኔታ ከጋራው ማብሰያ ቤት ጥግ ተቀምጠው ሁለቱንም እስኪደክማቸው ያናግሯቸዋል፤ ከዚያ አጭር ነገር ይናገራሉ። የተረታ ሰው እንኳ ሲያማቸው አይሰማም። «የማንንም ውሃ ያልጠጣ ሰው ፈረደብኝ፤ ምን እላለሁ!» ይል ነበር፣ በፊት በፊት። የኔታ ይህን ቃል በጆሯቸው ሰምተውታል፤ ሲሰሙትም ደስ ይላቸው ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ሀብት አልነበራቸውም።

ዲንቄ ግን ሕጉን ሳታጠናው ነው የገባችበት። ማሰሮው አንድ ከሆነ እሷም አትቀበልም ማለት ነው። የበዓል ለት ጎረቤት ሰሃን ሲልክ «ይብዛላችሁ» ብላ በር ላይ ትመልሳለች። ማኅበር አልገባችም፤ ማኅበር የሰው ቤት መጠጣት ነውና። ጎረቤት ቤት ቁጭ ብላ የጨዋታ ጥሟን ያወጣችበት ቀን የለም። የባሰው ደግሞ ውሃው ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ምድር ቤት ያሉትን አጥግቦ፣ ሁለተኛ ፎቅን አስጎምጅቶ፣ አራተኛ ፎቅ ሳይደርስ ይደክመዋል። ሌላው ሰው ከጎረቤት አንድ ጀሪካን ይበደራል። ዲንቄ አትበደርም። ከዋናው መንገድ ማዶ ካለው ቦኖ ተሰልፋ፣ ቀድታ፣ ተሸክማ፣ ያንን ሁሉ ደረጃ ትወጣለች። ጉልበቷ መጮህ የጀመረው ያኔ ነው። የኔታ ማታ ማታ ቅቤ ያሹላት ነበር፤ ያዝኑላታል። በርሜሉ ግን ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ሙሉ በርሜል ደግሞ ማንንም አያሳስብም።

ታሪኩ የመጣው ባለፈው ዓረፋ ነው። ዓረፋ ሲደርስ ግማሹ የአካባቢው ሱቅ ይዘጋል፤ የስልጤ ልጅ አገር ቤት ገብቶ ነው የሚያከብረው። ምድር ቤት ሱቅ ያላት ሐጀራም ከወንድሟ ከታጁ ጋር ወራቤ ሄደች። ሱቋን ዘጋች፣ ከሱቁ ጀርባ ያለውን ትልቅ ጥቁር የውሃ ሮቶዋን ቆለፈች፣ «ዱዓ አድርጉልኝ» ብላ ተሳፈረች። በዚያው ሳምንት ፈረቃው ቀረ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የኔታ ጠርሙሳቸውን ሊሞሉ ወደ በርሜሉ ሄደው ጣሳውን ሲያስገቡ ታቹን ፈቀፈቀ። እንዲህ ያለ ድምፅ በቤታቸው ሰምተው አያውቁም።

«ዲንቄ፣ ውሃ የለም።»

«ፈረቃው ቀርቷል አሉ» አለች፤ ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀና ሳትል።

«ቦኖ አለ አይደል?»

ዲንቄ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። ጉልበቷን አዩት፤ በሻሽ ጠምጥማዋለች። አፈሩ። በትዳራቸው ሙሉ ያላደረጉትን አደረጉና ባዶውን ጀሪካን አነሱ።

«ተው ጉዲሳ፤ አትሂድ» አለች ዲንቄ ደንገጥ ብላ። ስትቆጣ ነው «የኔታ» የምትላቸው፤ በሌላ ጊዜ ጉዲሳ ናቸው። እርጅናቸውን አስባ መሰላቸው። «ጀሪካን መያዝ አያቅተኝም» ብለው ወረዱ።

ዋናውን መንገድ ተሻግረው ቦኖው ወደነበረበት ደረሱ። ቦኖ የለም። ቦታው ላይ የስልክ ሽፋን የሚሸጥበት ሰማያዊ ኮንቴይነር ተገትሯል፤ በሩ ላይ አንድ ጎረምሳ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

«ልጄ፣ ቦኖው ወዴት ዞረ?»

ጎረምሳው ቀና ብሎ ጀሪካኑንም እሳቸውንም አየ። «የምን ቦኖ ፋዘር? መንገዱ ሲሰፋ ተነቀለ እኮ! አራት ዓመት አይሆነውም? አገር ውስጥ አልነበሩም እንዴ?»

የኔታ እዚያው ቆመው ቀሩ። የሰባት ቤት ትውልድ ቆጥረው ጋብቻ የሚፈቅዱና የሚከለክሉ ሰው ናቸው፤ የጠርሙሳቸው ውሃ ከየት እንደመጣ ግን መቁጠር አልቻሉም። ባዶውን ጀሪካን ይዘው ተመለሱ። ደረጃውን ሲወጡ ሦስት ጊዜ አረፉ። ባዶ ጀሪካን ይዞ እንዲህ ከሆነ፣ ሙሉ ይዛ ስትወጣ ምን እንደነበር ያኔ ገባቸው።

ዲንቄ በሩን ከፍታ ትጠብቃቸው ነበር።

«ከየት ነው የምንጠጣው?» አሉ።

«ከሐጀራ።»

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ቦኖው ከተነቀለ ጀምሮ። አንተ ሳሪስ ስትሄድ ታጁ ተሸክሞ ያወጣልኛል። ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ቦኖውም የለም፤ ምን ላድርግ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ዳኝነቱን ትተዋለሃ! ዳኝነቱን ከተውክ ደግሞ ከአንተ ምን ይተርፋል? አውቅሃለሁ እኮ።»

የኔታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «የአባ ኖላዊ ሕግ...» ብለው ጀመሩ።

እዚህ ላይ ዲንቄ ተቆጣች። «የኔታ! እኚህ አባ ኖላዊዎ ምንጭ አጠገብ ነው የተቀመጡት ብለውኛል። ምንጭ አጠገብ ተቀምጦ የሰው ውሃ አትጠጣ ማለት ለማን ይከብዳል? እስቲ አራተኛ ፎቅ ይምጡና ይተርጉሙት!»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በጉባኤ ቤት ማንም አንስቶት አያውቅም።   የኔታ ግን ልባቸውን የወጋ ሌላ ነገር ትዝ አላቸው። ሐጀራ ላይ ፈርደዋል።

ሐጀራ ለሱቋ ጥላ ብላ ቆርቆሮ ስታስቀጥል፣ ቆርቆሮው መተላለፊያውን ያዘ። የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ አስካለች ከሰሰቻት። የኔታ ሁለቱንም ሰምተው «መንገድ የሁሉ ነው፤ ይነሳ» አሉ። ሐጀራ ሳትከራከር በማግስቱ አስነሳችው። ሽንኩርቷና ድንቿ ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው። ያ ሁሉ ሲሆን ውሃዋን ይጠጡ ነበር። በአባ ኖላዊ ሕግ ውሃ ተቀብሎ የፈረደ ዳኛ ፍርዱ ፈራሽ ነው፤ እሱም ከእንግዲህ ዳኛ አይባልም። ሐጀራ እስክትመለስ የታሸገ ውሃ እየገዙ ጠጡ፤ ጉሮሯቸው ግን አልረካም። ሁለት ሰዎች በአጥር ጉዳይ ሊጠይቋቸው ቢመጡ «ከእኔ ፍርድ የለም፤ ሌላ ፈልጉ» ብለው መለሷቸው።

ሐጀራ የተመለሰች ዕለት የኔታ ጋቢያቸውን ደርበው ወረዱ። ሱቁ ውስጥ አስካለች ቆማ ሽንኩርት ትመርጣለች። ጥሩ ነው አሉ በልባቸው፤ ከሳሽም ተከሳሽም አሉ።

«ሐጀራ ልጄ፣ እንኳን በሰላም መጣሽ። ያ የቆርቆሮው ፍርድ ፈርሷል። አስካለች፣ አንቺም ስሚ።»

ሐጀራ ሚዛኑን አስቀመጠች። «ምነው የኔታ? ምን ተፈጠረ?»

«ውሃሽን እየጠጣሁ ነው የፈረድኩት። እንደዚያ ያለ ፍርድ አይጸናም። ጉዳዩን ሌላ ሰው ይየው። እኔም ከዛሬ ጀምሮ ዳኛ አይደለሁም።»

አስካለች ሳቋ አመለጣት። «የኔታ ደግሞ! ታጁ ጀሪካን ተሸክሞ ሲወጣ ያላየ ማን አለ? ያለን ደረጃ አንድ ነው። ሕንፃው በሙሉ ያውቃል።»

«ታውቁ ነበር?»

«እንዴት አናውቅም!»

«ታዲያ ለምን እኔ ዘንድ ለፍርድ ትመጡ ነበር?»

«ውሃዋን እየጠጡ በእሷ ላይ ሲፈርዱ አይተን ነዋ!» አለች አስካለች። «እኔ ራሴ የማሸንፍ አልመሰለኝም ነበር። ይሄ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ያመነዎት ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።»

የኔታ እዚህ ላይ ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። ስማቸው እንዳማረበት ይኖር ነበር፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ያምርበት ነበር። ውሸት መናገር እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው መሄድ ብቻ ነው። 

«እኔ አላውቅም ነበር» አሉ።

 አስካለች የመረጠችውን ሽንኩርት መልሳ አስቀመጠች። ሐጀራ በመጀመሪያ አፏን በሻርፗ ሸፈነች፤ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀች ነው።

«ወላሂ? እኔ ደግሞ እኚህ ሰውዬ ውሃዬን እየጠጡ እንዴት ጨከኑብኝ ብዬ ከፍቶኝ ነበር!»

«ከከፋሽ ውሃውን ለምን አላቋረጥሽውም?»

ሐጀራ ጥያቄው ራሱ የገረማት መሰለች። «ውሃው ለእማማ ዲንቄ ነዋ። እርስዎ እግረ መንገድዎን ነው የጠጡት።»

የኔታ የሱቁን መደርደሪያ ያዙ። ዕድሜ ልካቸውን ማን ምን እንደሰጣቸው ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ሰጪው እሳቸውን አስቦ እንኳ አያውቅም ነበር። ነገሩ ያሳፍራል፤ ደግሞም ከላያቸው አንድ ሸክም ያወረደላቸው ያህል ነበር።

«ቢሆንም ፍርዱ ፈርሷል» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ በፊቱ አልጠነከረም።

«ኧረ ፍርዱንስ አይንኩት» አለች ሐጀራ። «መንገዱ የሰው ነበር፤ እኔም አውቀዋለሁ። ያኔ ሳያውቁ ትክክል ፈረዱ። ዛሬ የኔን ውሃ ብለው ካፈረሱት፣ ውሃዬ ያደላልኝ ዛሬ ነው ማለት ነው።»

የኔታ ይህን በአንድ በኩል አዩት፤ አገላብጠውም በሌላ በኩል አዩት። መውጫ አጡለት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «እንግዲህ አወቅሁ፤ ነገ ሰው ቢከስሽ ዐይንሽን እያየሁ መፍረድ ይከብደኛል» አሉ።

«ይክበድዎት» አለች ሐጀራ። በቁጣ አይደለም፤ እንደ ልጅ ነው ያለችው። «እስከ ዛሬ ቀልሎዎት ነበር እኮ፤ ሸክሙ እማማ ዲንቄ ጉልበት ላይ ስለነበር።»

አስካለች አንገቷን ደፋች። የኔታ ዐይናቸው እንባ አቀረረ፤ አልደበቁትም። እጃቸውን ዘረጉ።

«ውሃ አጠጪኝ» አሉ።

ሐጀራ ከጀርባ ካለው ሮቶ በብርጭቆ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ዐይኗን እያዩ ጠጡት፤ እስከ መጨረሻው። ውሃው ያው የለመዱት ውሃ ነው፤ ትንሽ የፕላስቲክ ጣዕም አለው። ብርጭቆውን መለሱና አራተኛ ፎቅ ወጡ።

«ዲንቄ፣ ነጠላሽን ልበሺ።»

«ወዴት?»

«ሐጀራ ከአገር ቤት ቆጮ ይዛ መጥታለች።»

ዲንቄ ቢላዋውን አስቀምጣ አየቻቸው። እያሾፉባት እንደሆነ ለማጣራት ደጋግማ አየቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን ፈልጋ ስታገኝ ገልብጣ ለበሰችው። ደረጃውን ተደጋግፈው ወረዱ። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከሐጀራ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል ዲንቄ ተቀምጣ ስታወራ፣ የተጠራቀመውን ሁሉ ስታወራ፣ አስካለች በሳቅ እንባዋን ስትጠርግ፣ የኔታ ጥግ ይዘው ሰሙ። ሚስታቸው ይህን ያህል ቃል እንዳላት አላወቁም ነበር። እንዲህ ያለችን ሴት በር ዘግተውባት ማስቀመጣቸው ቆጫቸው።

ዳኝነቱን አልተዉም። የአጥሩን ጉዳይ ይዘው የመጡትን ሰዎች መልሰው አስጠሯቸው፤ ከመጀመራቸው በፊት ግን የማንን ውሃ እንደሚጠጡ ይናገራሉ፤ የሚቃወም ካለ ይነሳ ይላሉ። እስካሁን የተነሳ የለም። ፍርዳቸው ግን ድሮ ከሚወስድባቸው ጊዜ ይረዝማል።

ሳሪስ አቦ ግቢ ከዛፏ ሥር ያንኑ ምዕራፍ ሲያስተምሩ መገርሳ የሚባል ጎልማሳ ዲያቆን ፊታቸው ተቀምጦ ነበር፤ ትርጓሜውን ለሦስተኛ ጊዜ ከልሶ የሚቀጽል ነው። የኔታ እንደ ወትሮው አሉ፦ «ውሃም ቢሆን ነው። ምነው ቢሉ፥ ያጠጣህን ሰው ዐይኑን እያየህ መፍረድ ይከብዳልና። አንድም፥ ዛሬ ባለጉዳይ ያልሆነ ነገ ይሆናልና፥ ዳኛ የማንንም ውሃ አይጠጣ።» መገርሳ ወደሚቀጥለው ቃል ሊያልፍ ሲል እጃቸውን አነሱ።

«አንድም፥» አሉ፤ «የሰው ውሃ አልጠጣም ከማለትህ በፊት ያንተን ውሃ ማን እንደተሸከመው ጠይቅ።»

መገርሳ ግራ ገባው። «የኔታ፣ ይሄኛውን የአባ ኖላዊ አንድም ከዚህ በፊት አልነገሩንም።»

«የአባ ኖላዊ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የዲንቄ ነው» አሉ የኔታ። «ስትይዘው ከነስሟ ያዘው።»